“እጄ ተንቀጠቀጠ፤ ሥራው ለእኔ አይደለም ማለት ነው?”

ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ?

የ23 ዓመት ልጅ ነኝ። ተወልጄ ያደግኩት እዚሁ አዳማ ነው። የድንገተኛ ሕክምና ቴክኒሻን ትምህርቴን ልጨርስ ጥቂት ወራት ቀርተውኛል፤ አሁን አምቡላንስ ላይ ለልምምድ ወጥቻለሁ። ባለፈው ወር አንዲት እናት ከገጠር ጤና ጣቢያ ወደ ሆስፒታል ስንወስድ መንገድ ላይ ወለደች። ሴት ልጅ ነበረች። ፎጣ አጥተን በእናቷ ነጠላ አደረቅኳትና ደረቷ ላይ አስተኛኋት። በሳምንቱ ደግሞ በወለንጪቲ መንገድ ባጃጅ ከጭነት መኪና ጋር ተጋጭቶ ተጠራን። ልጁ እኩያዬ ነው። እጄ ተንቀጠቀጠ፤ ጓንት ማጥለቅ እንኳ አቃተኝ። ሆስፒታል ሳንደርስ አረፈ። ከዚያ ወዲህ ሥጋ ማየት አልቻልኩም። ለእናቴ ስለ ልጁ ብነግራት “ሬሳ ስታመላልሺ ልትኖሪ ነው? ማንስ ያገባሻል?” አለችኝ። አጎቴ ሞጆ ሱቅ አለው፤ ነይና ሒሳብ ያዢልኝ ይለኛል። ደመወዙም ቢሆን ብዙ አይደለም ሲሉ እሰማለሁ። ይህ ሥራ ለእኔ አይደለም ማለት ነው? እርስዎ ኖረውበታልና እውነቱን ይንገሩኝ።

ይቅርታ፣ አንድ ነገር ረሳሁ። የዚያች ሕፃን ስም ማን እንደተባለ ማወቅ እፈልጋለሁ። ቤታቸው ሄጄ ብጠይቅ ነውር ይሆናል?

ስሜ ይቆይ፣ ከአዳማ

ልጄ፣

ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። መጀመሪያ ስለ እጅሽ እናውራ፤ ሌላው ይደርሳል።

የእኔም ተንቀጥቅጧል። ከሆስፒታል ነርስነት ወደ አምቡላንስ በተዛወርኩ በሦስተኛው ቀን አስም የተነሳባቸው አንድ አባት ይዘን እንከንፋለን። ጭምብሉን በሥርዓቱ አደረግኩላቸው። ላስቲኩን አጠበቅኩ። “አይዞዎት አባባ” እላለሁ። ሲሊንደሩን ግን አልከፈትኩትም። ሰውዬው ባዶ ጭምብል ይስባሉ። አብሮኝ የነበረው አንጋፋ ባለሙያ እጁን ዘርግቶ ከፈተው፤ ምንም አላለኝም። ማታ መኪናውን ስናጥብ ነው “ነገ ደግሞ ኦክስጅኑንም ትጨምርበታለህ” ያለኝ። እስከ ዛሬ ባገኘኝ ቁጥር ያነሳብኛል።

ሰው ሲደነግጥ አድሬናሊን ደሙ ውስጥ ይረጫል። ልብ ይመታል፣ አፍ ይደርቃል። እግር ለመሮጥ ይዘጋጃል፤ ጣት ግን ጥቃቅን ሥራ አልሠራም ይላል። ጓንት ማጥለቅ ደግሞ ጥቃቅን ሥራ ነው። በአዳማ ሙቀት እጅሽ በላብ ተነክሮ ከሆነማ ተይው። ስለዚህ ጓንቱን መኪናው ሳይቆም አጥልቂ። ከመጠንሽ አንድ ቁጥር ከፍ ያለውን ያዢ። ስትደርሺ ደግሞ የምታደርጊውን ጮክ ብለሽ ተናገሪ፦ “የሚፈስ ደም አለ? የለም። የትንፋሽ መንገዱ? ክፍት ነው። ይተነፍሳል? አዎ።” ኮሌጅ ያስተማሩሽ ቅደም ተከተል የተሠራው ለተደናገጠ ሰው ነው። የተረጋጋ ሰውማ ያለሱም አስቦ ይደርስበታል።

ደግሞ አንድ ነገር አስተውለሻል? ምጥ የያዛትን እናት ስትረጂ ስለ እጅሽ ምንም አልጻፍሽልኝም። ሕፃን ማድረቅ፣ የእናቷ ገላ ላይ ማስተኛት፣ እትብቱን ሳይጣደፉ ማሰር፣ ለእናቲቱ 10 ዩኒት ኦክሲቶሲን ጭኗ ላይ መውጋት፣ ከዚያ ማህፀኗ መጠንከሩን በእጅ እየዳሰሱ መከታተል፤ ይህ ሁሉ በሚንገጫገጭ መኪና ውስጥ የተሠራ ሥራ ነው። በአገራችን እናቶችን ከሚገድሉት ነገሮች ቀዳሚው ደም መፍሰስ መሆኑን ታውቂያለሽ። ያኔም እጅሽ ሳይንቀጠቀጥ አይቀርም። ሥራ ስለነበረው ልብ አላልሽውም።

ስለ ልጁ። እዚያ ስላልነበርኩ “ምንም ማድረግ አትችዪም ነበር” ብዬ አላባብልሽም። ሆስፒታል በር ላይ ቢደርስ እንኳ የማይድን ጉዳት አለ። የሚድንም አለ። የእሱ የትኛው እንደነበር ሊነግርሽ የሚችለው አብሮሽ የነበረው ባለሙያ ነው። ሻይ ጋብዢውና “ከደረስንበት ደቂቃ ጀምሮ እንየው” በይው። ምን አየን፣ ምን አስቀደምን፣ ምን ዘገየ። ያጠፋሽው ካለ አውቀሽው ትማሪበታለሽ። ከሌለም ሌሊት ሌሊት ራስሽን መክሰሱን ታቆሚያለሽ። እኛ ይህ ልማድ የለንም፤ መኪናውን አጥበን፣ ማኪያቶ ጠጥተን፣ ዝም። እንደ ጉብዝና የምንቆጥረው መጥፎ ልማድ ነው።

የሥጋው ነገር ብዙውን ጊዜ በራሱ ይመለሳል። እኔ ሦስት ሳምንት ቀይ ወጥ አልበላሁም፤ ሽሮ ምስጋና ይግባው። ነገር ግን ከወር ካለፈ፣ ሌሊት እያባነነሽ ከሆነ፣ ሳይረን ስትሰሚ ሆድሽ ከተገላበጠ፣ የአእምሮ ጤና ባለሙያ ዘንድ ሂጂ። ለታማሚ የምትዪውን ለራስሽም በይ። በጫትና በቢራ ሊያስታግሱት የሞከሩ ባልደረቦች ነበሩኝ። ቢራውን እኔም አንድ ዓመት ያህል ሞክሬዋለሁ። አልረዳኝም፤ ሚስቴንም አስቀይሜበታለሁ።

አሁን ስለ ሥራው ልንገርሽ።

አብዛኛው ቀን የትራፊክ አደጋ አይደለም። ምጥ ነው። ከጤና ጣቢያ ሪፈር የተባለ ሰው ነው። ግማሽ ጎናቸው ያልታዘዛቸው አዛውንት፣ አስም፣ ወባ የሚያንዘፈዝፈው የቀን ሠራተኛ፣ መርዝ የጠጣ ሰው ነው። ከዚያ ደግሞ መጠበቅ ነው። ተራ ይዞ መቀመጥ፣ ጓንት መቁጠር፣ ቃሬዛ ማጠብ፣ ባትሪ ቻርጅ ማድረግ። ሲኒማ ላይ የምታዪው ሩጫ የሥራው ትንሽ ክፍል ነው።

አሰልቺ የሚመስለው ዝግጅት ግን ሰው የሚያድነው እሱ ነው። ይህን በራሴ ጥፋት ተምሬዋለሁ። አንድ ሌሊት በከባድ የሳንባ ምች መተንፈስ የቸገራት ሴት ከአዳማ ወደ አዲስ አበባ ይዘን ወጣን። ጠዋት የመረከቢያ ቅጹን የፈረምኩት የኦክስጅኑን ጌጅ፣ የቀረውን የሚያሳየውን መለኪያ፣ ሳላይ ነበር። 10 ሊትር የሚይዝ ሲሊንደር በ150 ባር ግፊት ሲሞላ ወደ 1500 ሊትር ኦክስጅን አለው። በደቂቃ 15 ሊትር ከለቀቅሽ 100 ደቂቃ ይቆያል ማለት ነው። የእኔ ግማሽ ነበር፤ 50 ደቂቃ። ፈጣን መንገዱ ላይ ስትበሪ 50 ደቂቃ ብዙ ይመስልሻል። መንገዱ ግን ቱሉ ዲምቱ ላይ ያበቃል። ከዚያ ወዲያ የቃሊቲ መጨናነቅ አለ፣ የሆስፒታል በር አለ፣ ወረፋ አለ። ቢሾፍቱ ላይ ወጥተን ሌላ ሲሊንደር ለመንን። ሰጡን። ሴትዮዋን በሰላም አስረከብናት። እኔ ግን ከዚያ ቀን ወዲህ ጌጁን ሳላይ ቁርሴን በልቼ አላውቅም።

ሌላው እውነት “አልጋ የለም” የሚለው ቃል ነው። ገና ብዙ ትሰሚዋለሽ። ታማሚ ይዘሽ ትደርሻለሽ፣ አልጋ የለም ይሉሻል፣ የአንቺው ቃሬዛ አልጋ ይሆናል። አንቺም ቃሬዛሽን እየጠበቅሽ አንድ ሰዓት ትቆሚያለሽ፤ ስልኩ ግን ሌላ ቦታ ይጠራሻል። የድንገተኛ ክፍል ነርሷን አትቆጪ። እሷም አልጋ አትወልድም። ሳትነሱ በፊት ግን ደውላችሁ አሳውቁ፤ ሊያዞኑ፣ ማለትም ታማሚ የሚያቀባብለው የሆስፒታሉ ሠራተኛ፣ “ኑ” ያለበትን ሰዓትና የተናገረውን ሰው ስም ጻፊ። ይህ ብቻውን ስንት ክርክር ያስቀራል።

መንገዱንም አንርሳ። ወደ ጅቡቲ የሚወርደውና ከጅቡቲ የሚወጣው ከባድ መኪና በአዳማ በኩል ነው የሚያልፈው። መሃል ከተማውን ደግሞ ባጃጅ ሞልቶታል። አንድ ትልቅና አንድ ትንሽ በአንድ መንገድ ላይ ሲገናኙ ምን እንደሚሆን አይተሽዋል። ሳይረን ስታሰሚ የሚያሳልፍሽ አለ፤ “ባዶውን ነው የሚጮኸው” የሚልም አለ። እውነቱን ለመናገር ሰው እንዲህ እንዲል ያደረጉት ባዶውን የሚያስጮኹ ሾፌሮች ናቸው። እናንተ አታድርጉት።

ስትደርሺ ደግሞ ሕዝቡ ቀድሞሻል። የእኛ ሰው ደግ ነው፤ ችግሩም ከደግነቱ ይጀምራል። የተጎዳውን አንገቱን አጥፎ ባጃጅ ውስጥ ይከተዋል። ራሱን ለሳተ ሰው ውሃ ያጠጣል፤ ውሃው ሳንባ ይገባል። የሚጥል በሽታ ለተነሳበት ክብሪት ጭሮ ያሸትታል። አትጩሂባቸው። ሥራ ስጫቸው። “አንተ ወንድሜ፣ መኪና አስቁም። እናቴ፣ ነጠላዎን ይዘርጉልኝ፣ ፀሐይ እንዳይመታው። አንተ፣ ስልኩን አስቀምጥና ቦርሳዬን ያዝ።” ከሁሉም በላይ የሚቀርጸውን ልጅ ሥራ ስጪው፤ እጁ ከተያዘ መቅረጹን ይተዋል። ኦሮምኛ ከቻልሽ ደግሞ ግማሹን ሥራ ጨርሰሻል። አንዲት የገጠር እናት “ኤሳቱ ሲ ዱኩባ?” ብለሽ የት እንደሚያማት ስትጠይቂያት ፊቷ ሲለወጥ ታያለሽ። ካልቻልሽ ከዛሬ ጀምሪ።

ደስታውስ? አለ። አንድ ከሰዓት መናኸሪያው አካባቢ “ጠጥቶ ነው፣ ተዉት” የተባለ ሰው ወድቆ አገኘን። ሰውነቱ በላብ ርሷል። ስኳሩን ለካነው፤ 28። ጤነኛ ሰው ሳይበላ እንኳ ብዙውን ጊዜ ከ70 በታች አይወርድም። 40 በመቶ ግሉኮስ በደም ሥሩ ሰጠነው። ጥቂት ደቂቃ ሳይቆይ ዐይኑን ገለጠና ዙሪያውን አየ፤ “ጫማዬን ማን ወሰደው?” አለ። እውነትም አንድ ጫማ የለም። “ሰካራም ነው” ሲሉ የነበሩት ሰዎች ተበትነው ጫማ ፍለጋ ገቡ። እንዲህ ያለ ቀን ማታ ቤትሽ ስትገቢ ብቻሽን ትስቂያለሽ።

ግን አንድ ነገር አስቀድሜ ልንገርሽ፤ ለእኔ ከደሙም ከእንቅልፍ ማጣቱም የከበደኝ እሱ ነው። የጫማው ሰውዬ ዓይነት ብርቅ ነው። አብዛኛውን ሰው መጨረሻውን አታውቂም። ከሜዳ አንስተሽ፣ 20 ደቂቃ እጁን ይዘሽ፣ የልጆቹን ስም ነግሮሽ፣ በር ላይ ታስረክቢዋለሽ። በሩ ይዘጋል። ዳነ? እግሩን ቆረጡት? ሞተ? ስልኩ ይጠራል፣ ትሄጃለሽ። የሆስፒታል ነርስ ሰውዬው ተሽሎት ሲወጣ ታያለች፤ ቤተሰቡ ብርቱካን ያመጣላታል። አንቺን የሚያስታውስሽ የለም፤ ብዙዎቹ ራሳቸውን ስተው ነበራ። ያ የአስሙ አባት እንኳ፣ በባዶ ጭምብል ያሰቃየኋቸው፣ ምን እንደሆኑ አላውቅም። 14 ዓመት ሠርቼ መጨረሻቸውን የማውቀው በጣት የሚቆጠሩትን ነው።

እንግዲህ ራስሽን የምትጠይቂው ይህን ነው። ደም አያለሁ ወይ ብለሽ አትጨነቂ፤ ደም ይለመዳል። መሃሉን ብቻ ሠርተሽ፣ በደንብ ሠርተሽ፣ መጨረሻውን ለሌላ ሰው ትተሽ እንጀራሽን መብላት ትችያለሽ? አንዳንድ ጎበዝ ልጆች ይህ አልሆን ብሏቸው ወደ ዋርድ ተመልሰዋል። ዛሬ ምርጥ ነርሶች ናቸው። ሽንፈት አይደለም።

ስለ ገንዘቡ አጭር ልበል፤ ሀብታም አያደርግሽም። የተረኝነት ክፍያ አለ፤ የሚዘገይበት ወርም አለ። አብዛኞቻችን ከጎን ሌላ ነገር እንሠራለን። መንገዱ ግን የተዘጋ አይደለም። ሲኦሲ የሚባለውን የብቃት ማረጋገጫ ፈተናሽን ውሰጂ፤ ያለሱ ወረቀትሽ ግማሽ ነው። ከዚያ ወደ ዲግሪ ማደግ ይቻላል። ፋብሪካዎችና ኢንዱስትሪ ፓርኮች የመጀመሪያ እርዳታ የሚያውቅና የሚያሠለጥን ሰው ይፈልጋሉ። የግል አምቡላንስም አለ። ጠብታ አምቡላንስን የመሠረተው ክብረት አበበ የጥቁር አንበሳ ሆስፒታል የሰመመን ነርስ ነበር፤ ቤቱን ሸጦ ነው አምቡላንስ የገዛው። ቤትሽን ሽጪ አላልኩም፤ መጀመሪያ ቤት ያስፈልግሻል። ሙያው ግን የት ድረስ እንደሚወስድ እወቂ።

አካልሽን ጠብቂ። ይህን ማንም አይነግርሽም። ሰው ስታነሺ በጉልበትሽ ዝቅ በይ፣ ወገብሽን አታጥፊ፣ ሦስተኛ ሰው መጥራት አትፈሪ። እኔ ጉራ ስነዛ አንድ ወፍራም ሰውዬ ከሦስተኛ ፎቅ ለሁለት አወረድን፤ ዛሬ ወንበር ላይ ተቀምጬ የማስተምረው በዚያ ጉልበት ምክንያት ነው። የጉበት ቫይረስ ቢ ክትባትሽን ሦስቱንም ዙር ጨርሺ። መርፌ ከወጋሽ በሳሙናና በውሃ ታጠቢ፣ ወዲያው ሪፖርት አድርጊ። የኤችአይቪ መከላከያ መድኃኒቱ በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመር አለበት፤ በቶሎ ሲሆን ደግሞ ይሻላል። “ያፍሩብኛል” ብላ መወጋቷን የደበቀች ልጅ አውቃለሁ። ስድስት ወር በጭንቀት አለቀች።

እናትሽን በተመለከተ። ስለ ሟቹ ነገርኳት ብለሻል። ስለ ሕፃኗ ነገርኳት አላልሽም። እናትሽ የምታውቀው አምቡላንስ ሰው የሞተበት ብቻ ነው፤ ብትፈራ አይፈረድባትም። አንድ ቀን ቡና ስታፈላ ጎኗ ቁጭ በይና ያንን ነጠላ ንገሪያት። እሷም ወልዳለች፤ የምትጠይቅሽ ጥያቄ ይኖራታል። “ማን ያገባሻል” ለሚለው ደግሞ እኔ ሚስቴን ያገኘኋት ርክክብ ላይ ነው። ተረኛ ነርስ ነበረች። “ይሄ ጽሑፍ ነው ወይስ ዶሮ የጫረችው?” ብላ ወረቀቴን መለሰችልኝ። ሦስት ልጆች አሉን። ጽሑፌ ግን አልተሻሻለም።

የአጎትሽ ሥራ የሚናቅ አይደለም። ሒሳብ መያዝ ክቡር ሥራ ነው፣ ሌሊትም ያስተኛል። ግን አሁን አትወስኚ። ሰው ከፈራ በሳምንቱ የሚወስነው ውሳኔ የፍርሃቱ ነው። የቀሩሽን ወራት ጨርሺ፣ ፈተናሽን ውሰጂ፣ አንድ ዓመት ሥሪ። አጎትሽን “ዓመት ይጠብቁኝ” በያቸው። ሱቅ የትም አይሄድም። እኔን ከጠየቅሽኝ ትቀጥያለሽ ባይ ነኝ፤ ፎጣ ባጣሽ ጊዜ ነጠላ ያሰበች ልጅ ናት የጻፈችልኝ። ዓመቱ አልቆም አይሆንም ካልሽ ግን ጻፊልኝ፤ አልከራከርሽም።

የሕፃኗ ስም። ቤታቸው ሳትጠሪ አትሂጂ። አድራሻቸውን ያወቅሽው በሥራ ነው፤ ለሌላ ነገር አትጠቀሚበትም። አንዳንድ ቤት ደግሞ አራስ በማያውቁት ሰው መጎብኘቷን አይወዱም። ግን ያስተላለፈቻችሁን የጤና ጣቢያዋን አዋላጅ መጠየቅ ትችያለሽ። እናትና ልጅ ደህና ናቸው ወይ፣ ጡት ይዛለች ወይ፣ ክትባት ጀመረች ወይ በይ። ይህን መጠየቅ ሥራሽ ነው። ስሟን ቤተሰቡ ከፈቀደ አዋላጇ ትነግርሻለች። ካልፈቀዱም የዚያን ያህሉን አውቀሽ ትመለሻለሽ። በጠዋት ሂጂ፤ የክትባት ቀን ከሆነ ረፋዱ ላይ ሰልፉ አያናግራትም።